በግድግዳ በኩል የመጣ ምስጋና

ኪዮቶ ውስጥ ሰው ሲሰድብህ አትደንግጥ፤ መደንገጥ ያለብህ ሲያመሰግንህ ነው። ጎረቤትህ "ልጃችሁ ፒያኖ እንዴት ጎበዘች" ካለህ ልጅቷን ዝም አሰኛት ማለቱ ነው። እንግድነት ሄደህ "ሰዓትዎ እንዴት ያምራል" ካሉህ ደግሞ መሽቷልና ተነስ ማለታቸው ነው። እኛ የምንናገረው ሰሙን ነው፤ ወርቁን አንተው ፈልፍለህ አውጣ። ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ ለማማት አይደለም። አባቴም አያቴም እዚሁ ኒሺጂን ሰፈር ኪያርና ደበርጃን በጨው እያቦኩ ሲሸጡ ኖረው ነው የሞቱት። እኔ ኒሺዋኪ ቴሩሂኮም ያንኑ በርሜል ወርሼ እዚያው ነኝ።

የቀኝ ጎረቤቴ እትዬ ሃትሱኤ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ድመት ጋር ነው የሚኖሩት። በእኔና በእሳቸው ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ የምለው ለወጉ ያህል ነው። ጭቃና ቀርከሃ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ እዚህ ሆኜ "ይማርዎት" እላለሁ። ጊታር ከጀመርኩ ጀምሮ ታዲያ በየጊዜው በር ላይ ያገኙኝና እጃቸውን አጣጥፈው "አቶ ኒሺዋኪ፣ ጊታርዎ ሁልጊዜ ደስ ይላል" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ነገር የሚገባኝ ሰው ነኝ፤ የዚያኑ ቀን ድምፁን እቀንሳለሁ። እንዲህ ስቀንስ ስቀንስ ኖሬ፣ በመጨረሻ ክሮቹን የተኛ ሕፃን ራስ እንደምዳብስ አድርጌ የምነካ ሰው ሆንኩ።

ለቤት ይሄ ጥሩ ነው። ለባንድ ግን መቅሰፍት ነው።

ባንዳችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የሚለማመደው በሰፈራችን ቤተ መቅደስ አዳራሽ ነው፤ ምክንያቱም ከበሮ የሚመታው የቤተ መቅደሱ መነኩሴ አባ ሪዮካይ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ስለሆነ አንተ ነው የምለው። ዜማውን የሚመራውን ሊድ ጊታር የሚጫወተው የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኢባራ ሲሆን የባንዱ አለቃም እሱ ነው፤ ማን እንደሾመው ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቤዝ የሚጫወተው ፖስተኛ አይናገርም፤ ስለዚህ እዚህ ታሪክ ውስጥ አያስፈልገንም። እኔ ሪትም ነኝ። ሪትም ጊታር የሚጫወት ሰው ማለት ሩዝ የሚቀቅል ሰው ማለት ነው፤ እንግዳው በልቶ ሲወጣ የሚያወራው ስለ ዓሣው ነው።

አንድ ሐሙስ ዶክተሩ ጊታሩን እየወለወለ፣ "አቶ ኒሺዋኪ እኮ እንዴት ያለ ትሕትና ነው ያለዎት" አለኝ። "መኖርዎንም አያሳውቁን።"



"ደክሞዎት ይሆናል" ብሎ ቀጠለ። "ክሊኒኬ የምትሠራው ልጅ ኪቦርድ ትጫወታለች። ከምንጫወትበት የመጸው በዓል በኋላ እርስዎም ትንሽ ቢያርፉ ብዬ አሰብኩ፤ ለጤናዎ ብዬ ነው።"

በሌላ ከተማ ቢሆን ይሄ ደግነት ነው። እኛ ጋ ግን ከባንዱ ውጣ ነው። ወደ አባ ሪዮካይ ዞርኩና "አንተስ አትሰማኝም?" አልኩት።

"የሙታንን ድምፅ እሰማለሁ ተብዬ ነው ደሞዝ የምበላው" አለ መነኩሴው። "አንተን ግን አልሰማሁህም፣ ወንድሜ።"

እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ያ ባንድ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። በሳምንት አንዴ ከሰው ጋር ሆኜ አንድ ነገር የምሠራበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን የማወራው ከጎመን ጋር ነው። ዶክተሩ ሲወጣ አባ ሪዮካይ ቀረብ አለኝ። "ፔዳል ያዝ" አለኝ። "ኦቨርድራይቭ የሚሏትን። እግርህ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን ናት፤ ስትረግጣት ጊታሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዋናው ነገር መምረጡ ነው። በዓሉ ሳይደርስ ምረጥ።"

ምረጥ ማለት ቀላል ነው። በማግስቱ ጊታር ቤት ሄድኩ። ፀጉሩን ሐምራዊ የቀባ ሻጭ ወንበር ሰጠኝ፣ ጊታር አቀበለኝና "እንደፈለጉ ይሞክሩ" ብሎ አጠገቤ ቆመ። ወዲያ ማዶ አንድ ጎረምሳ ጣቶቹ እስኪጠፉ ድረስ ይጫወታል። ሱቁ ሙሉ ሰው፣ ሁሉም የማያዳምጥ መስሎ ያዳምጣል። ክሮቹን አንድ ላይ በአንድ ኮርድ መታሁ፤ ላብ አጠመቀኝ። "ይበቃኛል፣ ይበቃኛል" ብዬ እግሬ ሥር የነበረችውን ሳጥን ጠቅልለህ ስጠኝ አልኩት። ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላት አላውቅም። ቀለሟ ግን ጥሩ ነበር፤ ሰማያዊ።

ቤት ገብቼ ከበርሜሎቹ ኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ አምፕሊፋየሩን ከፈትኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እትዬ ሃትሱኤ የሱሞ ትግል የሚያዩበት ሰዓት። ለሌላው ነገር ሹክሹክታ ይበቃቸዋል፣ ለሱሞ ሲሆን ግን ቴሌቪዥናቸው ያገሳል። እንግዲህ ባንዱን ያህል የሚጮህ ነገር ካለ እኔም ልጩህ አልኩና ሳጥኗን ረገጥኳት። ምን ልበላችሁ፣ ክፍሉ ሞላ። ወለሉ ራሱ አብሮኝ ተጫወተ። ዕድሜዬን በሙሉ ጊታር ሳልነካ የኖርኩ መሰለኝ።

ብዙ ሳልቆይ ከጓሮ ኮቴ ሰማሁ። ወጣ ብዬ ሳይ እትዬ ሃትሱኤ ሰማይ ሰማይ እያዩ ልብስ ከገመድ ያነሳሉ።

"ምነው እትዬ?"

"ነጎድጓድ አልሰሙም እንዴ አቶ ኒሺዋኪ? የእርስዎንም ሸሚዝ ያስገቡት።"

ይሄ ሰም ነው ወይስ እውነት? ፊታቸውን አጠናሁ። ከዚያ ቅርጫቱን አየሁት፤ ያልደረቀውን አንሶላ ሳይቀር ሰብስበውታል። አንሶላ በሰምና ወርቅ አይታጠፍም። ሴትየዋ በእውነት ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው ነው።

በኋላ ሲገባኝ ለካ ብቻዬን ስሆን ደስ ያለኝ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ሌላ ጩኸት ሲገባበት ኮርዱ ሟሙቶ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። እዚህ ጋ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣልኝ። የእትዬ ሃትሱኤ ሳሎን፣ በግድግዳና በሱሞ በኩል፣ ልክ እንደ ባንዱ ነው። እዚያ ጊታር ሆኖ የተሰማ ነገር ባንዱም ውስጥ ይሰማል። መሰማቱን በምን አውቃለሁ? እሱማ ቀላል ነው። የዚያን ቀን ያመሰግኑኛል።

ሚስቴ ሳናኤ ይህን ስነግራት ሩዝ እያጠበች ነበር። ሳናኤ የኦሳካ ልጅ ናት፤ የኦሳካ ሰው መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ ያስባል።

"አንተ ሰውዬ፣ የባልቴቷን ሱሞ ልትበጠብጥ ነው?"

"ልበጠብጥ አይደለም፤ ልለካ ነው።"

"ጎረቤትህን ሚዛን አደረግሃታ። ጥሩ። ስትሞት ደግሞ ዱባ መዝንባት።"

ሰማኋት፣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሁለተኛዋን ሳጥን ለመዋስ ዶክተሩ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተር ኢባራ ፔዳሎቹን እንደ ጥርስ መንቀያው በመሳቢያ ደርድሮ ነው የሚያስቀምጣቸው። ብዙ ካሰበ በኋላ አንዲት ወርቃማ አወጣና "ለእርስዎ ይቺ ትሆናለች፤ ድምፅዋ ሀብታም ነው" አለኝ። እውነትም ሀብታም ነች። አንዴ የመቱት ኮርድ ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ይቆያል። እኔም መጫወት የቻልኩ መስሎኝ ትከሻዬን እየነቀነቅኩ ስጠዘጥዝ አመሸሁ።

እትዬ ሃትሱኤ በሩን አንኳኩ። ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለምስጋናው አንገቴን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። እጃቸው ላይ የነፍሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ ይዘዋል።

"ጣራዎ ሥር ንብ ገብቷል" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ንቦቹ እንዳይሰሙ። "እዚያ ጥግ ላይ ይንፉበት። አይንኳቸው ብቻ፤ የወንድሜን ዓይን እንዲህ አድርገውታል።"

አመስግኜ ተቀበልኩ። ዶክተሩ ምን እንዳዋሰኝ ያኔ ገባኝ፤ ያ ሁሉ ሀብት ለብቻው ሲፈስ ያምራል፣ ኮርድ ሲመታበት ግን ክሮቹ እርስ በርስ ተላቁጠው ጥዝዝታ ይሆናሉ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔ አውቆ ነው እላለሁ።

ሦስተኛዋን ያመጣው አባ ሪዮካይ ነው። ሰው ለመጣል የፈራውን ሁሉ ቤተ መቅደስ አምጥቶ ጥሎ ይሄዳል፤ አሻንጉሊት፣ የሟች መነጽር፣ የማይሠራ ሰዓት። ከዚያ ክምር ውስጥ ነው ያገኛት። ቀለሟ የተላጠ፣ አንዱ ቁልፏ የወለቀ፣ እንደ አሮጌ ሰናፍጭ ቢጫ የሆነች ሳጥን ናት። ሰክቼ ስመታት ደግሞ ድምፅዋ ከመልኳ ባሰ። ጉንፋን የያዘው ሰው በአፍንጫው ሲያወራ ነው የምትመስለው። ያ ነጎድጓድ የለ፣ ያ ማር የለ፤ መሃል መሃሉን ብቻ እየጠቀጠቀች ትነፋነፋለች። ሳናኤ ከማድ ቤት "ማነው የታመመው?" አለችኝ።

ቢሆንም ለወጉ ልሞክር ብዬ ሱሞው ሲጀምር አንድ ዙር መታሁና ዘጋሁት። በነጋታው ጠዋት ሱቄን ስከፍት እትዬ ሃትሱኤ በራፋቸውን እየጠረጉ ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እጃቸውን አጣጠፉ። ፈገግ አሉ።

"አቶ ኒሺዋኪ፣ ጊታርዎ እኮ እንዴት እንዴት ተሻሻለ። እያንዳንዷ ክር ለየብቻዋ ቁልጭ ብላ ትሰማኛለች። ትናንት እሱን ሳዳምጥ ማን እንዳሸነፈ እንኳ አመለጠኝ። ሟቹ ባለቤቴም እቤት ካለው የሙታን መሠዊያቸው ሆነው ሳያዳምጡዎት አልቀሩም።"

ሟቹ ጭምር። በሰፈራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ከባድ ስድብ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከሀፍረት የተነሳ ሱቄን መልሼ ልዘጋ ቃጣኝ፤ ከደስታ የተነሳ ደግሞ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። እያንዳንዷ ክር ለየብቻዋ። በግድግዳ፣ በሱሞ፣ በሞት በኩል ሳይቀር።

ሳናኤ ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም። ሳህን ሙሉ የተቦካ ኪያር አስይዛ ይቅርታ እንድጠይቅ ላከችኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የምለማመደው ከመሬት በታች ጨው የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ሆነ። ሳህኑ ሲመለስ ባዶውን አልነበረም፤ የፍራፍሬ ከረሜላ ነበረበት፣ ለጉሮሮ የሚሆን። ለማን ጉሮሮ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ደረሰ። አስቀያሚዋን ሳጥን እግሬ ሥር አድርጌ ልምምድ ጀመርን። ከመጀመሪያው ዘፈን ግማሽ ሳንደርስ አባ ሪዮካይ ከከበሮው ማዶ ቀና ብሎ አየኝና መምታቱን ሳያቆም ፈገግ አለ። ብቻዋን ስትሆን የምትነፋነፈው ሳጥን፣ በከበሮውና በቤዙ መሃል ስትገባ ልክ ለእሷ የተተወ ቦታ እንዳለ ሁሉ ገብታ ተቀመጠች። ድምፄን ሰማሁት። እኔ ነኝ፣ እዚያ አለሁ።

ዶክተሩ እጁን አንስቶ አስቆመን።

"አቶ ኒሺዋኪ፣ ዛሬ እንዴት ያለ ጉልበት አለዎት" አለኝ።

ቀንስ ማለቱ ነው። ድሮ ቢሆን ጎንበስ ብዬ እቀንስ ነበር። የዚያን ቀን ግን ዓይኔን በጨው አጠብኩ፤ ጨው እንደሆነ እኔ ቤት ሞልቷል።

"አመሰግናለሁ ዶክተር" አልኩት። "ተሻሽያለሁ አይደል?"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙን ብቻ በልቼ ወርቁን ተውኩለት። ዶክተሩ የተቃኘ ጊታሩን እንደገና መቃኘት ጀመረ። ሰው በሰሙ ከተቀበለህ ወርቁን አውጥተህ ልታሳየው አትችልም፤ ያኔ ባለጌው አንተ ነህ። ፖስተኛው እንኳ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

"መልካም" አለ ዶክተሩ በመጨረሻ። "እንግዲህ ማን ማረፍ እንዳለበት በበዓሉ ቀን ጆሮ ያለው ሰው ይነግረናል።"

የበዓሉ ቀን የሰፈሩ ሰው የቤተ መቅደሱን ግቢ ሞላው። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ ከዶክተሩ ሚስት አጠገብ ተቀምጣለች። መድረክ ወጥቼ ገመዴን ስሰካ ፊት ለፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ ልነካቸው በምችልበት ቦታ ላይ፣ እትዬ ሃትሱኤ የመቀመጫ ትራሳቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ሱሞአቸውን የቀማሁባቸው፣ ለራሴ ጥቅም ሚዛን ያደረግኳቸው ሴት አሁን ቀጥ ብለው ያዩኛል። ዶክተሩ ቁጥር ቆጠረ፤ አባ ሪዮካይ ከበሮውን መታ። እኔ ክሮቹን እንደ ሕፃን ራስ ዳበስኳቸው። እግሬ ሳጥኗ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ አልረግጥ አለኝ።

የዶክተሩ ጊታር ግቢውን ሞላው። እኔ የለሁም። ከሰው መሃል ሳናኤን ፈለግኳት። ቆማለች። ቀኝ እግሯን አነሳችና መሬቱን አንዴ ደለቀችው።

ረገጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥርት አድርጌ አላስታውሰውም። እትዬ ሃትሱኤን ግን አየኋቸው፤ አንዴ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ጋረዱ፣ ከዚያ መዳፋቸውን አወረዱና ጉልበታቸው ላይ በጣታቸው ምት መምታት ጀመሩ። ኋላ ያሉት ልጆች ይዘላሉ። የሚዘሉት በእኔ ኮርድ ላይ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ፣ ስቆም ይቆማሉ።

ስንጨርስ ሰዉ ወደ መድረኩ ቀረበ። እትዬ ሃትሱኤ ቀስ ብለው ተነስተው መጡ። ዶክተሩም ወደ እሱ የመጡ መስሎት ፈርሙልኝ እንደተባለ ሰው ፈገግ ብሎ ተጠጋ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናዬን ጠበቅኩ። ሟቹ ካዳመጡኝ በኋላ ደግሞ የትኛው ቅዱስ ሊያዳምጠኝ ይሆን እያልኩ።

"አንተ ቴሩሂኮ" አሉ። "ጊታርህ በጣም ጮኸ።"

እንዲህ ያለ ቃል በአደባባይ የሚናገር ሰው በእኛ ሰፈር የለም።

"ስንት ዓመት ሙሉ ባማረ ቃል ነገርኩህ፣ አልገባህም። ዘንድሮ ጭራሽ ባሰብህ። ለማይገባው ሰው ምን ይደረጋል? እንዲሁ መናገር ነው። አንተ ከጀመርክ ወዲያ ሌላ ምንም አልተሰማኝም፤ አንተን ብቻ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ ትቸኩላለህ። ቤትህም ትቸኩላለህ።"

አንተ አሉኝ። ሳናኤን ካገባሁ ጀምሮ ለእሳቸው አቶ ኒሺዋኪ ነበርኩ። አንተ፣ አንቺ ሲሉ የሰማኋቸው በግድግዳው በኩል ብቻ ነው፣ ባላቸውንና ድመቷን። አንጀቴን አራሱት። ዓይኔ ውስጥ የሞላውን እንዳያዩብኝ ገመድ የምጠቀልል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ዶክተሩን አላስቻለውም። "የእኔስ እንዴት ነበር፣ እትዬ?" አላቸው።

እትዬ ሃትሱኤ ወደ እሱ ዞሩ። እጃቸውን አጣጠፉ። ፈገግ አሉ።

"የእርስዎማ ዶክተር፣ እንዴት ያለ ግሩም ነበር። ጣትዎ እንዴት ይሮጣል። ለእኛ ለተራ ሰዎች ጆሮ አይገባ ይሆናል እንጂ።"

ዶክተሩ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ሲቃና ጆሮው ፍም መስሏል። አባ ሪዮካይ ፊቱን ከትልቁ ከበሮ ኋላ ደብቆ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ ቦርሳዋን አንስታ ከዶክተሩ ሚስት ጋር ስለ አየሩ እያወራች ወጣች።

እቃችንን ስንሰበስብ ዶክተሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። "አቶ ኒሺዋኪ፣ የፊታችን ሐሙስ ስንገናኝ ያቺን ቢጫ ሳጥን ለአንድ ዘፈን ያህል ቢያውሱ..."

"አንተ" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። እትዬ ሃትሱኤ ናቸው። "ተገትረህ ታወራለህ? ትራሴን አንሳልኝና ወደ ቤት እንሂድ እንጂ።"

ዶክተሩን ከነግማሽ ጥያቄው እዚያው ትቼው ሮጥኩ።